የአጥናፉ ልክ

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው፤ ዘመኑ 1957 ዓ.ም.። ተገኘ እንደ ልማዱ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል። ውጭ ሣሩ ላይ የወረደው ውርጭ በሰው እግር ሲሰበር ተሰማው። የብዙ ሰው እግር ነው፤ ድምፅ ግን የለውም። ማልዶ የሚመጣ ጎረቤት ገና ከአጥሩ ማዶ «ቤቶች!» ይላል። እነዚህ አላሉም።

መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ወረወረው፤ በግራ እጁ ተቀበለው። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ፊት የገባው መርስዔ ኃዘን ነው። መርስዔ ኃዘን ሞላሌ ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ለተገኘ ደብዳቤ የሚያነብለትና የሚጽፍለት፣ የታናሽ ወንድሙ የአጥናፉ አብሮ አደግ ነው። ከእሱ ኋላ የንስሐ አባታቸው መምሬ ዓምደሚካኤል ቆመዋል። ከእሳቸው ኋላ የሰፈሩ ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጁን ሞልተውታል።

«ጋሼ፣ ከጉድጓዱ ውጣ» አለ መርስዔ ኃዘን።

ተገኘ አልወጣም። መምህሩን አየው፤ መምህሩ ዓይኑን ወደ ወለሉ አወረደ።

«አጥናፉ ነው?»

«አጥናፉ ነው።»

«መቼ?»

«ኅዳር ሃያ አንድ፣ የጽዮን ዕለት። ወባ ነው አሉ። እዚያው ምጽዋ ቀብረውታል።»

ሚስቱ ጥሩሸዋ ከጓዳ ወጣች፤ የሰዎቹን ፊት አየች፤ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ቤቱ የልቅሶ ቤት ሆነ። ተገኘን ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው ከጉድጓዱ አወጡት። ቀትር ላይ አንዱ ጎረቤት ውኃ ሊያቀብለው ሲል መወርወሪያው አሁንም በግራ እጁ እንዳለ አየ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቆ ወሰደለት።

ሽመናው ላይ የቀረው ሥራ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ባና ነበር፤ ነገር ግን እንደ ሌላ ባና አልነበረም። በአንደኛው ጫፍ ሰፊ ሆኖ ወደ ሌላው ጫፍ እየጠበበ ይሄዳል። ልቅሶ ሊደርስ የመጣ ሸማኔ ሁሉ አየው፤ ቀኑ ቀን ስላልሆነ የጠየቀ የለም። ባናው የመከዳ ልባስ ነው፤ ምጽዋ ወደብ ላይ ለቆመች አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ መቀመጫ የሚሆን። የሚሸመነው ለአጥናፉ ነበር። እንደገና መጀመሩን ከተገኘና ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አጥናፉም ሳያውቅ ሞተ።

አባታቸው በጣሊያን ዘመን ሲሞት ተገኘ የአሥራ ዘጠኝ፣ አጥናፉ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ሁለት ዓመት ቆይታ ተከተለች። ከዚያ ወዲያ አጥናፉ አባትም እናትም ያለው ተገኘን ነው። ተገኘም የሚያውቀውን ሙያ ሊያስተምረው ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠው። ልጁ ግን ከክሩ ይልቅ እንጨቱን ያያል። አንድ ቀን ተገኘ ገበያ ውሎ ሲመለስ የሽመና ዕቃውን እንዳለ ፈታትቶት አገኘው። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አጥናፉ መልሶ ገጣጥሞ አቆመው፤ ለዓመታት ሲንቋቋ የኖረው ምሰሶ ዝም አለ። ተገኘ ያን ዕለት ሸማኔ እንደማይሆንለት ዐወቀ።

አጥናፉ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ደብረ ብርሃን ወርዶ አንድ አናጢ ዘንድ ገባ። መጋዝና መላጊያ እዚያ ለመደ። ሞላሌ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያዎቹን አግዳሚዎች የሠራው እሱ ነው፤ መርስዔ ኃዘን እስከ ዛሬ ተማሪዎቹን የሚያስቀምጠው በእነሱ ላይ ነው። በ1948 ዓ.ም. በጭነት መኪና ምጽዋ ወረደና የሌላ ሰው የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ተቀጠረ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሠራው ሁሉ በጌታው ስም ወጣ።

ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቀጭን ገመድ አለ። ዓይኑን አያምንም፤ ሁሉን በገመድ ይለካል፤ ልኩን እንዳይረሳ ይቋጥረዋል። ለበዓል አገሩ ሲመጣ እንኳ አንድ ቀን አርፎ አይቀመጥም። ያንዱን የአልጋ እግር፣ ያንዱን ሞፈር፣ የቤተ ክርስቲያኑን መዝጊያ ሲያበጅ ይውላል። ጥሩሸዋ «አንተ እንግዳ ነህ ወይስ የመንደሩ ጠጋኝ?» ትለዋለች። እሱም «እትዬ፣ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ እንጀራ ትከለክይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» ይላታል። ሚስት አላገባም። ሲጠየቅ «ቤት ሳይኖረኝ በር ልሠራ?» ብሎ ያልፋል።

የ1956 ጥምቀት ሲመጣ ግን ፊቱ ሌላ ነበር። እራት ከተበላ በኋላ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«እትዬ፣ አመድ ስጪኝ።»

«አመድ ምን ይሠራልሃል?»

«ባሕር ላሳይሽ።»

ምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ በአመድ መስመር አሰመረ። መስመሩ ከኋላ ሰፊ ሆኖ ጀመረና ወደ ፊት እየጠበበ ሄዶ እንደ ማረሻ ጫፍ ሾለ።

«ይቺ ጀልባዋ ናት። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ባለቤቷ ሙሴ ስታቭሮ የሚባል ሽማግሌ ግሪክ ነው። በሸራ ነው የምትሄደው፤ ነፋስ ይገፋታል። ሆዷ ውስጥ ክፍል አለ፤ መሐሉ ላይ ጠረጴዛ፣ በግራና በቀኙ መቀመጫ። ጠረጴዛው በስብሷል፣ መከዳዎቹ ሻግተዋል። ‹ሁሉንም አንተ አድስልኝ› አለኝ። ለጌታዬ አይደለም ያለው ጋሼ፤ ለእኔ ነው፤ አጥናፉ ብሎ በስሜ ጠርቶ።»

«እንዲህ ጠብቦ ሰው እንዴት ይቀመጥበታል?» አለ ተገኘ።

«ተጠጋግቶ ነዋ።»

ተገኘን በአመዱ መስመር ቀኝ፣ ጥሩሸዋን በግራ አስቀመጣቸው። መካከላቸው አንድ ሳንቃ በጉልበታቸው ላይ አጋደመና ጠላ የሞላ ዋንጫ አኖረበት። ከዚያ ሳንቃውን ከአንድ ወገን ቀስ አድርጎ አነሳው። ዋንጫው ተንሸራቶ የተገኘን ጉልበት በጠላ አጠበው።

«ጀልባ ስታዘነብል እንዲህ ነው» አለ እየሳቀ። «ስለዚህ ጠረጴዛው ዙሪያውን ጠርዝ ይኖረዋል፤ ዋንጫ አያመልጥም። በግራና በቀኝ ደግሞ ክንፍ አደርግለታለሁ። ሲበላ ይዘረጋል፣ ሲያበቃ ታጥፎ ይወርዳል።»

«ደረቅ መሬት ጠፍቶ ነው ሰው ውኃ ላይ የሚበላው?» አለች ጥሩሸዋ።

«መከዳውንስ ማን ይሠራዋል?» አለ ተገኘ ጉልበቱን እየጠረገ።

«አንተ።»

«በዚያ ሐሩር አገር የበግ ጠጉር? ሽማግሌውን ልትቀቅለው ነው?»

«ባሕሩ መሐል ሲመሽ ይበርዳል። የእኔን ባና ሥራ ቦታ አይቶት፣ ተቀምጦበት፣ ውኃ ረጭቶበት ነው የወደደው። ውስጡን ጓሳ እንሞላዋለን። ገሳ ለብሰህ ዝናብ ዘልቆህ ያውቃል?»

ተገኘ ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ ለብሶ ዕድሜውን ሙሉ በሐምሌ ዝናብ ገበያ ተመላልሷል።

«ይህን ሥራ አሳምሬ ከጨረስኩ» አለ አጥናፉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽማግሌው የምስክር ወረቀት ይጽፍልኛል። እሱን ይዤ እመለሳለሁ። ሞላሌ ላይ የራሴን የእንጨት ሥራ ቤት እከፍታለሁ። ጣራውን አንተ ትከድንልኛለህ።»

በዚያ ሰሞን ሣሩ የሚበቅልበት የጓሳ ሜዳ አራት ዓመት ታግዶ ከቆየ በኋላ መከፈቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነገረ። ወንድማማቾቹ ሁለት አህያ እየነዱ ወጡ። በየአጥቢያው ያለው ሰው ማጭዱን ይዞ ሜዳውን ሞልቶታል። ጓሳን እንዲጠብቁ የተመረጡት አያ ፈንታ በፈረስ ላይ ሆነው፣ ከወሰኑ ያለፈ እንዳይኖር ይቃኛሉ። ወንድማማቾቹ ዘንድ ሲደርሱ ፈረሳቸውን ገቱ።

«አጥናፉ! አራት ዓመት የጠበቅነውን ሣር ለግሪክ ቂጥ ልታነጥፈው ነው አሉ?»

«አያ ፈንታ፣ እርስዎን የሚጎረብጥዎት ግሪኩንም ይጎረብጠዋል።»

አያ ፈንታ ኮርቻቸው ላይ ተመቻችተው ሳቁ፤ አጫጆቹም ሳቁ። ወንድማማቾቹ እስኪመሽ አጨዱ። አጥናፉ ነዶውን ሲያስር ቋጠሮው እንደ ልኩ ገመድ የጠበቀ ነበር። በማግስቱ ሄደ። አብረው የዋሉበት የመጨረሻ ቀን ያ ነው።

ሲሄድ ለሚሠሩት አራት መከዳዎች ልክ የሚሆኑ ገመዶች ትቶ ነበር። ሁለቱ አጫጭሮች እንደማንኛውም ትራስ አራት ማዕዘን ናቸው። ለሁለቱ ረጃጅሞች ግን ሦስት ዓይነት ገመድ ሰጠ። አንዱ የቁመቱ፣ ባለ አንድ ቋጠሮው የሰፊው ጫፍ፣ ባለ ሁለት ቋጠሮው የጠባቡ ጫፍ ነው። ባለ ሁለት ቋጠሮው ከባለ አንዱ በአንድ ስንዝር ያጥራል።

ተገኘ ድሩን ከመዘርጋቱ በፊት ሁለቱን ገመዶች ጎን ለጎን ይዞ ብዙ ጊዜ አያቸው። የአመዱን መስመር አልረሳውም። ነገር ግን በሸማኔ ዘንድ እየጠበበ የሚሄድ ሥራ የጀማሪ ምልክት ነው፤ ማጉን እያጠበቀ የሚስብ፣ እጁን መግዛት ያልቻለ ሰው ሥራ። ተገኘ ሙያውን ሲማር አንድ ጣት ጠበበብህ ተብሎ በመወርወሪያ እጁን ተመትቷል። ገበያ ላይ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ባናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጥፎ ዳሩ መግጠሙን ማየት ነው። ተገኘ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዳሩ ያልገጠመ ሥራ አልሸጠም።

«ባለ ሁለት ቋጠሮው የጠባቡ ነው ብሎሃል» አለችው ጥሩሸዋ እንዝርቷን እያሾረች።

«ገመዱ ረጥቦ አጥሮ ይሆናል።»

«እሱ ገመድ የሚረጥብበት ልጅ ነው?»

«ሰፋ ብሎ ቢሄድ ምን ይጎዳል? ጠብቦ ከሄደ ግን ‹የአጥናፉ ወንድም ሽመና አያውቅም› ይላሉ።»

ሁለቱንም ረጃጅሞች ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አድርጎ ሸመናቸው። ከፋሲካ በፊት፣ ከሣሩ ጋር፣ ደብረ ብርሃን ድረስ በአህያ፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና ተላኩ።

ሰኔ ላይ ሁለቱ ረጃጅሞች ተመልሰው መጡ። ደብዳቤ አብሮ ነበር። መርስዔ ኃዘን ትምህርት ቤቱ ደጅ ቆሞ አነበበለት።

«ይድረስ ለጋሼ ተገኘ። ሁለቱ አጫጭሮች ልክ ናቸው። ሙሴ ስታቭሮ ዳብሶ ዳብሶ አልጠገባቸውም። ረጃጅሞቹ ግን ጫፋቸው ሰፍቷል። ከመቀመጫው አልፈው ስለወጡ የጠረጴዛው ክንፍ መውረጃ አጣ። ገመዱን ሰጥቼህ ነበር። ልኬን ብታምነኝ ምን ነበረ? ሰዎች ቁረጠው ይሉኛል፤ አንተ የሸመንከው ላይ መቀስ ማሳረፍ ግን አልሆነልኝም። ሣሩን አስቀርቼ ልባሱን ልኬዋለሁ። እጠብቅሃለሁ።»

«ጨርሷል?» አለ ተገኘ።

«ጨርሷል። መልስ ልጻፍ?»

«ቆይ።»

ክረምቱን ሙሉ ቆይ እንዳለ ቀረ። «ልኬን ብታምነኝ» የሚለውን ቃል፣ ያውም በሰው ፊት የተነበበውን፣ እንደ ስድብ ቆጠረው። ያሳደገው እሱ ነው። ጫማ የገዛለት፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ጠበል ያደረሰው እሱ ነው።

«አንድ መስመር እንኳ አስጽፍለት፤ ልጁ ይጠብቃል» ትለዋለች ጥሩሸዋ።

«ምን ብዬ? ተሳሳትኩ ብዬ?»

«እሱኑ ብለህ።»

መስቀል ካለፈ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ገመዶቹን ከተሰቀሉበት አወረደ። ጥሩሸዋ አዲስ ጠጉር ልትፈትል ተቀመጠች።

«አሁንስ አታስጽፍለትም?»

«መልሱ መከዳው ነው። ሲያየው ይገባዋል።»

ሆን ብሎ ማጥበብ ካሰበው በላይ ከባድ ሆነበት። በየጥቂት ጣቱ ከአንደኛው ዳር የድር ክር መተው አለበት፤ ዳሩም እንዳይጨማደድ እጁ ማጉን ሳይስብ መቆም አለበት። የጀማሪ የሚመስለውን ሥራ እንደ ጀማሪ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ጀመረው። የመጀመሪያው ለኅዳር ሚካኤል አለቀ። ሁለቱን አንድ ላይ ለመላክ ብሎ አጥፎ ሣጥን ላይ አኖረውና ሁለተኛውን ዘረጋ። እሱን እየሠራ ነው ሰዎቹ የመጡት።

አርባው እስኪወጣ ወደ ጉድጓዱ አልተጠጋም። ጥሩሸዋ ሽመናውን በነጠላ ሸፈነችው።

የጥምቀት ሰሞን መርስዔ ኃዘን ከሞላሌ አንድ የእንጨት ሣጥን በበቅሎ ጭኖ መጣ። የአጥናፉ ዕቃ ነው፤ ሽማግሌው ግሪክ የላከው። መላጊያ፣ መጋዝ፣ ሁለት መሮ፣ በቢላ የተቀረጸ አጭር እርሳስ፣ ተጠቅልለው የታሰሩ ገመዶች። ከታች የራሱ ባና ነበር። ባናው ውስጥ አንድ ጣውላ ተጠቅልሏል። ተገኘ ገለጠው። በደንብ ተልጓል፤ በሦስት ወገን ጠርዝ ወጥቶለታል። በአራተኛው ወገን ግን አልተቆረጠም፤ የእርሳስ መስመር ብቻ በሰያፍ ወርዶበታል። ከመስመሩ አጠገብ ጽሑፍ አለ።

«ምን ይላል?»

መርስዔ ኃዘን ጣውላውን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው።

«‹የግራው ክንፍ። የጋሼ መከዳ ሲመጣ ይቆረጥ› ይላል።»

ሣጥኑ ውስጥ ሽማግሌው በሰው ያስጻፈው ወረቀት ነበር። መርስዔ ኃዘን እሱንም አነበበው። «የቀኙን ክንፍ ሠርቶ ገጥሞታል። የግራውንም ጨርስ ብዬ ብዙ ጊዜ ለመንኩት። ‹ወንድሜን በደብዳቤ አስቀይሜዋለሁ። ከእንግዲህ በገመዴ አልቆርጥም፤ እሱ ሠርቶ በላከው ላይ ለክቼ ነው የምቆርጠው፤ መከዳው ቢሰፋም እንጨቱ ይጠብባል› ይለኝ ነበር። ሲታመምም የጠየቀኝ ዕቃ መጥቶ እንደሆነ ነው።»

ጥሩሸዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ተገኘ ወረቀቱን ከመምህሩ ተቀብሎ፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው ጥቂት አየውና አጥፎ መለሰለት። ከዚያም ሽመናው ላይ ያለውን ነጠላ ገፈፈ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። መወርወሪያውን የት እንዳስቀመጡት ጠየቀ። መርስዔ ኃዘን ከግድግዳው ሽንቁር አውጥቶ ሰጠው።

በስድስት ቀን ጨረሰው። ሁለቱን ልባሶች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ በአጥናፉ ገመዶች ለካቸው። ባለ አንድ ቋጠሮው ገጠመ። ባለ ሁለት ቋጠሮውም ገጠመ።

«ጣውላውንም አብረን እንላከው» አለ መርስዔ ኃዘን ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ። «ከዕቃው ጋር የላኩት የእሱ መስሏቸው ነው። መስመሩ ተሰምሯል፤ ሌላ አናጢ ይቆርጠዋል።»

«በሚቀጥለው» አለ ተገኘ።

መከዳዎቹ ሄዱ። ግንቦት ላይ ከሽማግሌው መልስ መጣ። ልባሶቹ በጓሳው ተሞልተው መቀመጫው ላይ ልክ ገብተዋል። ሽማግሌው የሚበላው በቀኝ ተቀምጦ ነው፤ በግራ በኩል ጠረጴዛው ክንፍ ስለሌለው እዚያ የሚቀመጥ የለም። የተጀመረ ጣውላ ተገኘ ዘንድ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ መርስዔ ኃዘን።

«ቆይ» አለ ተገኘ፤ ወዲያው ቃሉን ራሱ ሰማውና ፊቱን አዞረ።

አንድ ቀን ጥሩሸዋ ወንዝ ወርዳ ስትመለስ ተገኘን ጣውላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ መጋዙን መስመሩ ላይ አኑሮ አገኘችው። እጁ አልተንቀሳቀሰም። ስታየው መጋዙን አነሳና ሣጥኑ ውስጥ መለሰው።

«ልኩ እኮ ይኸው ነው» አላት። «ልኩስ ይኸው ነው።»

«ዐውቃለሁ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ መርስዔ ኃዘን በየገበያው ቀን ይጠይቀዋል፤ ተገኘም በየገበያው ቀን በሚቀጥለው ይለዋል። ሞላሌ ላይ ሊከፈት የነበረው የእንጨት ሥራ ቤት አልተከፈተም፤ ለጣራው የተቀመጠው ጓሳ አሁንም ከጎተራው ኋላ በነዶ አለ። ጣውላው ከሽመናው ጉድጓድ በስተግራ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አልተቆረጠም፤ አልተላከምም።